ተከልን እንላለን፤ ስንቱ እንደጸደቀ ግን ማን ጻፈው?



ክረምት በመጣ ቁጥር ችግኝ እንተክላለን። በመስጂድ ግቢ፣ በትምህርት ቤት፣ በቀበሌ፣ በመሥሪያ ቤት እንተክላለን። ኮፍያ ይታደላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ፎቶው በዚያው ማታ ይለጠፋል። ከሥሩ «በዛሬው ዕለት ይህን ያህል ችግኝ ተክለናል» የሚል ይጻፋል። ማሻአላህ እንላለን፣ ላይክ እናደርጋለን። እስኪ ከእናንተ መሐል ጥር ላይ ወደዚያ ቦታ ተመልሶ፣ የቆሙትን ቆጥሮ የለጠፈ ሰው ያየ አለ? እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም። በሚቀጥለው ሐምሌ ግን እዚያው ቦታ፣ አንዳንዴም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ፣ ሌላ ችግኝ ሲተከል አይቻለሁ። «ጉድጓዱ የተቆፈረ ስለሆነ ሥራው ቀሎልናል» እያሉ የሚቀልዱም አሉ።

ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ስለ ደብተር ነው። አካባቢ ጥበቃን የሚማር ሰው፣ በወጣቶች ማኅበርም ይሁን በትምህርት ቤት ክበብ፣ ከአካፋና ከበራሪ ወረቀት በፊት ኪሱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ደብተር ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ። በዚያች ደብተር ላይ በቀን አንድ መስመር ይጽፋል። አንድ መስመር ብቻ። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ አያያዝ ሁሉ ከወር አያልፍም።

ጉዳዩ የሰፈራችን ብቻ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ መንግሥት አስታውቆ ነበር። ከዚያ ወዲህም በየክረምቱ ሌላ ትልቅ ቁጥር እንሰማለን። የጸደቀውም በመቶኛ ተሰልቶ ይነገራል፤ የሚነገረው ግን ለአገር ወይም ለክልል በድምሩ ነው። እኔ በየቀኑ በማልፍበት መንገድ ዳር ያለው ግራቪሊያ ቆሞ ይሁን ደርቆ ያ ድምር አይነግረኝም። ያንን ማወቅ የምችለው እኔ ነኝ፣ ወይም በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሌላ ሰው።

በየተከላው ቀን ሁለት ሐዲሶች ይወሳሉ። አንዱ ቂያማ በደረሰ ሰዓት እንኳ በእጁ ችግኝ ያለ ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክል የሚያዘው ነው። ሌላው ሙስሊም ከተከለው ነገር ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ሲበላ ለተካዩ ሰደቃ እንደሚሆንለት የሚያስተምረው ነው። ማብራሪያውን ለኡስታዞቻችን ልተውና (ፈትዋ እየሰጠሁ አይደለም)፣ እንደ ተራ አንባቢ አንድ ነገር ይታየኛል። በሁለተኛው ሐዲስ ውስጥ የሚበላ አለ። ወፍ የሚለቅመው ፍሬ እንዲኖር ችግኙ በርካታ በጋዎችን ማለፍ ይኖርበታል። በመጀመሪያው ሐዲስ ብዙ ተበረታተናል፤ በሁለተኛው ግን የመጀመሪያው ጥር ላይ እየቀረን ነው።

መጻፍም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው ነው፤ እሱም የሚያወራው ስለ ብድር አጻጻፍ ነው። የሚተማመኑ ሰዎች እንኳ ብድራቸውን እንዲጽፉ የሚታዘዙት ሰው ስለሚረሳ ነው። ሐምሌ ላይ የተከልነውን ጥር ላይ የምንረሳው ደግሞ እኛው ነን።

ሥልጠና የሚሰጡ ወገኖች ማስታወሻ መያዝ እንደሚጠቅም ያውቃሉ። ለዚህም ብዙ ጊዜ ደብተር ያድላሉ። ችግሩ ያለው ደብተሩ ላይ ነው። ጠንካራ ልባስ አለው፣ አርማ አለው፣ በየገጹ ሣጥኖች ተሥለውበታል። «ዛሬ ስለ ተፈጥሮ ምን ተሰማህ?» «የተማርካቸውን ሦስት ነጥቦች ዘርዝር።» «ነገ ምን ለመለወጥ ቃል ትገባለህ?» የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት በሚያምር ጽሕፈት ይሞላሉ። ከዚያ በኋላ የሽንኩርትና የዘይት ዋጋ ይጻፍበታል፣ ከዚያም የልጅ ሥዕል። በዚህ ሰውየውን ሰነፍ ማለት ፍርድ ማጓደል ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ውሎ ለገባ ሰው «ምን ተሰማህ» የሚል ጥያቄ ከባድ ነው። «ስንት ቆሞ አየህ» የሚለው ግን ቀላል ነው፤ መልሱ ቁጥር ነውና።

እኔ የምመርጠው አያያዝ ይህ ነው። ተራ ባለ 50 ገጽ ደብተር ግዙ። ቢቻል መሐል ለመሐል ቆርጣችሁ ለሁለት ክፈሉት፤ ኪስ ውስጥ የማይገባ ደብተር ቤት ይቀራል፣ ቤት የቀረ ደብተር አይጻፍበትም። በእርሳስ ጻፉ። የእስክሪብቶ ቀለም ዝናብ ሲነካው ሊፈስ ይችላል፣ እርሳስ ግን ይቆያል። እርሳሱን በክር ከደብተሩ ጋር እሰሩት። በየመስመሩ አራት ነገር ብቻ ይግባ፦ ቀን፣ ቦታ፣ ያያችሁት ነገር፣ ቁጥር። ቁጥር የሌለው መስመር በሚቀጥለው ዓመት ምንም አይነግራችሁም። «ችግኞቹ ደህና ናቸው» የሚለውን መስመር ከዓመት በኋላ አንብባችሁ ምን ታደርጉበታላችሁ?

ምን ሊመስል እንደሚችል ለማሳየት ያህል ይህን አዘጋጅቻለሁ፦

ሐምሌ 20። መስጂድ ጓሮ። ወይራ 12፣ ግራቪሊያ 18 ተተከለ። ከዙህር በኋላ ዘነበ።
ነሐሴ 15። ያው ቦታ። 30ው ቆሟል። በ4ቱ ሥር ፕላስቲኩ ሳይወልቅ ተቀብሯል።
ጥቅምት 9። ያው ቦታ። የቆመ 27። 3ቱ ተግጠዋል፣ የፍየል ኮቴ አለ። በምሥራቁ አጥር በኩል ቀዳዳ።
ጥር 16። ያው ቦታ። የቆመ 19። አፈሩ ተሰነጣጥቋል። ቧንቧው አጠገብ ያሉት 6ቱ ለምልመዋል።

አራት መስመር ነው፤ ለመጻፍ አራት ደቂቃም አይፈጅም። ግን ተመልከቱት። ፕላስቲኩ ያልወለቀለት ችግኝ ሥሩ ተጠቅልሎ ታፍኖ ይቀራል። ተካዩ ይህን በሥልጠና ሰምቶታል፣ በሐምሌ 20 ጥድፊያ ግን ረስቶታል። ፍየሉ የገባው በአንድ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው በእሾህ ቢደፈን ኖሮ ሦስቱ ይተርፉ ነበር። ጥር ላይ ቧንቧ አጠገብ ያሉት መለምለማቸው ደግሞ ሌሎቹን የገደላቸው በዋናነት የውሃ ማጣት እንደሆነ ይጠቁማል። ያለ ደብተር ሐምሌ ላይ ተሰብስበን የምንለው ምንድን ነው? «ያው እንግዲህ ደረቁ፣ አላህ ሌላ ይተካልን» እንላለን። ከዚያ እንደገና ከነፕላስቲኩ፣ እዚያው አጥር ሥር እንተክላለን።

የተከላ ጊዜም እንዲሁ ነው። ክረምቱ ገና ሲገባ፣ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ የተተከለ ችግኝ ሥሩን እስኪሰድ ሁለት ወር ያህል ዝናብ ያገኛል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተተከለው ግን ገና ሳይቆናጠጥ መስከረም ወጥቶ ፀሐይ ይመጣበታል። መጽሐፍም አሠልጣኝም ይህን ይናገራሉ። በገዛ ደብተራችሁ ላይ የሐምሌዎቹን ቁጥርና የነሐሴዎቹን ቁጥር ጎን ለጎን ስታዩ ግን ማንም ሊያስረሳችሁ አይችልም። ትምህርት የሚባለው ለእኔ ይህ ነው፤ የተነገረህን በቁጥርህ ስታገኘው።

ስለ አጻጻፉ ሁለት ሦስት ነገር ልጨምር።

ያልሄዳችሁበትን ቀን ባዶ ተዉት። ማታ አልጋ ላይ ሆናችሁ «ትናንትና ከትናንት ወዲያም ያው ይሆናል» ብላችሁ አትሙሉት። አንድ የተገመተ መስመር ያለበት ደብተር ሌሎቹንም መስመሮች ያስጠረጥራል። በአንጻሩ ሄዳችሁ ምንም ካላያችሁ ዜሮ ብላችሁ ጻፉ። «አልሄድኩም» እና «ሄጄ ምንም አላገኘሁም» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ብዙ ሰው ዜሮ መጻፍ የሚከብደው ሥራ ያልሠራ ስለሚመስለው ነው። ምንጩ ደረቀ የሚባለው ግን ዜሮ ስለተጻፈ ነው።

ፍርድ ሳይሆን ያያችሁትን ጻፉ። «የአየር ንብረት ተለውጧል» ብሎ መጻፍ ዜና ነው። «ሰኔ 12፣ ዝናብ እስካሁን አልጣለም» ብሎ መጻፍ ማስታወሻ ነው። የመጀመሪያውን ማንም ተነሥቶ ሊክደው ይችላል፤ ሁለተኛውን ለመካድ የራሱን ደብተር ይዞ መምጣት አለበት።

ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያዙት። በሂጅራው ለምን አይሆንም የሚል ወንድም አይጠፋም። ሁለቱንም ቢጽፍ መልካም ነው። ግን የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን በመሆኑ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደኋላ ይጎትታል፤ ረመዷን በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። ዒባዳችን በጨረቃ ነው፣ ዝናቡና አበባው ግን በፀሐይ ነው። «ሸዕባን ላይ ዘነበ» ብሎ የጻፈ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ በጋ ይሁን ክረምት ለማወቅ ሌላ ሒሳብ ይጠብቀዋል።

ሰዓቱን ደግሞ ቀድሞ ካለ ልማድ ጋር እሰሩት። ዐስር ሰግዳችሁ ስትወጡ ጫማ ከማጥለቃችሁ በፊት ወይም ከሱብሒ ስትመለሱ ይሁን። በቀን አምስቴ በአንድ መንገድ የሚመላለስ ሰው ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ የሚያየውን ዛፍ ለማየት ሌላ ጉዞ አያስፈልገውም።

ምን ልጻፍ ለሚል አንድ ነገር ይምረጥ። ሁሉንም ልጻፍ ያለ ሳምንት አይቆይም። የተሻለው መንገድ ከምትማሩት ጋር ማያያዝ ነው። የዚህ ወር ትምህርት ስለ ውሃ ከሆነ ደብተሩ ስለ ውሃ ይሁን። ስለ ውሃ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር፣ ብዙ ያለው እዚህ ነውና።

ዝናብ መለካት ባለሙያ አይጠይቅም። ባዶ ሃይላንድ ውሰዱ። አንገቱ ሰፍቶ ጎኑ ቀጥ ከሚልበት ላይ ቁረጡና የላይኛውን ክፍል ክዳኑን አውልቃችሁ እንደ ማጥለያ ገልብጣችሁ ክተቱት። ታቹ ጠማማ ስለሆነ ጠጠር አድርጉበትና ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውሃ ሙሉት፤ እዚያ ላይ በማርከር መስመር አስምሩ፣ ያ ዜሯችሁ ነው። ንፋስ እንዳይጥለው በድንጋይ አስደግፋችሁ ከጣሪያና ከዛፍ ርቆ ሜዳ ላይ ይቀመጥ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ከመስመሩ በላይ ያለውን በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ለኩ፣ ጻፉ፣ ትርፉን ድፉ። የሜትሮሎጂ ጣቢያውን ያህል አይረቅ ይሆናል። ዋናው ግን የእናንተ ግቢ ዝናብ መሆኑ ነው፤ ዝናብ ደግሞ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል።

አሁን ወደ ጥቅሙ እንምጣ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። የመስጂዳችሁ ቆርቆሮ 200 ካሬ ሜትር ቢሆንና አንድ ቀን 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ የሚባክነውን ሳንቀንስ 2,000 ሊትር ወርዷል ማለት ነው። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 100 ጀሪካን። ይህ ሁሉ በአሸንዳ በኩል መንገድ ላይ ፈሶ፣ በማግስቱ ውሃ ጠፍቶ ቦቴ እንጠብቃለን። ደብተሩ ላይ ያለውን የአንድ ሐምሌ ድምር ይዞ ለኮሚቴው «ሮቶ እንግዛ» የሚል ወጣትና እንዲሁ «ውሃ ብንሰበስብ ጥሩ ነው» የሚል ወጣት እኩል አይሰሙም።

ቀጥሎ ወደ ዉዱእ ቦታ እንሂድ። የአንድ ሊትር ጆግ ቧንቧው ሥር አድርጉና በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። በ10 ሰከንድ ቢሞላ፣ ቧንቧውን ከፍቶ ለሁለት ደቂቃ ዉዱእ የሚያደርግ ሰው 12 ሊትር አፈሰሰ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዉዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ ውሃ እንደነበር በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። የሙድን ልክ ዑለማዎች በተለያየ መንገድ ቢያሰሉትም አንድ ሊትር አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። ኢስራፍ ክልክል መሆኑን ሁላችንም ሰምተናል፣ በኹጥባም በደርስም። 12 እና 1 የሚሉ ሁለት ቁጥሮች በገዛ ጽሕፈታችሁ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለት መቶ ሰው እንዲያ ካደረገ በአንድ ሶላት ሰዓት 2,400 ሊትር ይሄዳል፤ ከላይ በጣሪያው ላይ ካሰላነው የዝናብ ውሃ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙት። ጥር ላይ ችግኞቹ በውሃ ጥማት ደርቀዋል። ከእነሱ ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ፣ ሳሙና ያልነካው የዉዱእ ውሃ ቀኑን ሙሉ ወደ ቱቦ ይወርዳል። ለአንድ ችግኝ በሳምንት 5 ሊትር እንስጥ ብለን ብንነሣ፣ ለ30 ችግኝ 150 ሊትር ይበቃል፤ ይህም ቧንቧ ከፍተው ዉዱእ ያደረጉ 13 ሰዎች የሚያፈሱት ነው። በሳምንት አሥራ ሦስት ሰው! ቦይ ቀዶ ያንን ውሃ ወደ ችግኞቹ መምራት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፣ የሚያደርጉትም አሉ። ቁጥሩ ካልተጻፈ ግን ማንም ተነሥቶ ቦይ አይቀድም፤ ችግሩም መፍትሔውም አይታየውማ።

(በጅዳ፣ በሪያድ፣ በዱባይ ሆናችሁ የምታነቡን እህትና ወንድሞች፣ ለእናንተ ዝናቡ ብርቅ ነው። ግን ኤሲው የሚያንጠባጥበውን ውሃ በባልዲ አጠራቅማችሁ በቀን ስንት ሊትር እንደሚወጣ ለክታችሁ ታውቃላችሁ?)

«ይህ ሁሉ ለምን? አይናችን እያየ አይደለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። አይን ያያል፤ ግን ይለምዳል። ዳንኤል ፖሊ የተባለ የዓሣ ሀብት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1995 ይህን ነገር ስም ሰጥቶት ነበር። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ትውልድ በልጅነቱ ያገኘውን እንደ ትክክለኛው መጠን ይቆጥራል። አያት ያየው ብዙ ዓሣ ለልጅ ወሬ ነው፣ የልጅ ጥቂት ዓሣ ለልጅ ልጅ ልማድ ነው። መጉደሉ እየቀጠለ ጎደለ የሚል ሰው ይጠፋል።

ለዚህ ሩቅ ሳንሄድ የሐረማያን ሐይቅ እናስታውስ። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ለብዙ ዓመታት የሐረር ከተማ ሰው የጠጣው ከዚያ ነው። አትክልትና ጫት በፓምፕ ይጠጣ የነበረውም ከእሱው ነው። ከተራቆቱት ኮረብቶች የሚወርደው ደለል ደግሞ ከታች ይሞላው ነበር። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀልባ የሚሄድበት ሐይቅ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ። ተመራማሪዎች ጉዳዩን አጥንተዋል፤ ቁጥሩ በእነሱ ዘንድ አለ። ፓምፕ የሚያቆመው ገበሬ፣ ውሃ የሚቀዳው ቦቴ፣ ዳር ላይ ልብስ የምታጥበው እናት እጅ ግን ቁጥር አልነበረም። በየዓመቱ ውሃው ጥቂት እርምጃ ሲሸሽ የፓምፑ ቱቦ ጥቂት እርምጃ ይረዝማል፤ ቱቦው ሲረዝም ደግሞ መሸሹ አይታወቅም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አልሐምዱሊላህ ሐይቁ ውሃ መልሶ ይዟል። እኔ ብሆን ዛሬ በዳርቻው ላሉ ወጣቶች የምመክረው፣ ዳሩ ላይ ምልክት ያለው እንጨት ተክለው በየጁሙዓው ውሃው የት እንደደረሰ እንዲጽፉ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሲሸሽ ቢያንስ መቼ መሸሽ እንደጀመረ የሚያውቅ ይኖራል።

ተራ ሰው የጻፈው ምን ዋጋ አለው የሚለውንም ታሪክ መልሶታል። በጃፓኗ ኪዮቶ የቤተ መንግሥት ሰዎችና መነኮሳት ከ1,200 ዓመት በፊት ጀምሮ የቼሪ ዛፍ ያበበበትን ቀን በዕለት ማስታወሻቸው ይጽፉ ነበር። ስለ አየር ንብረት ማጥናታቸው አልነበረም፤ አበባ ለማየት የወጡበትን ግብዣ ነበር የሚመዘግቡት። ያሱዩኪ አኦኖ የተባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ እነዚያን ማስታወሻዎች ሰብስበው ቀኖቹን በተራ አስቀመጧቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 ዛፎቹ ሙሉ ለሙሉ ያበቡት ማርች 26 ሲሆን፣ ይህ በዚያ ሁሉ ዘመን መዝገብ ውስጥ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከተመዘገቡት ሁሉ የቀደመው ቀን ሆነ። በአሜሪካም ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ የተባለው ጸሐፊ በ1850ዎቹ ኮንኮርድ በምትባል ከተማ ዙሪያ የትኛው አበባ በየትኛው ቀን እንደፈካ ይጽፍ ነበር። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ሪቻርድ ፕሪማክ የተባለ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ምሁር ከሥራ ባልደረባው ጋር ያንን ይዞ ወጣና ብዙዎቹ ተክሎች አሁን ቀድመው እንደሚያብቡ አሳየ። ሁለቱም ዘንድ የተጻፈው ቀን፣ ቦታና ያዩት ነገር ነው። በእኛ አገር በየገጠሩ «ድሮ ሰኔ እንዲህ አልነበረም» የማይል ሽማግሌ የለም። እውነታቸውን ነው ብዬ አስባለሁ። ግን ሰኔ ምን እንደነበረ የጻፈ አባት ያለው ስንቱ ነው?

አንዳንድ ተቃውሞዎችን ልመልስ። ስልክ እያለ ደብተር ለምን ለሚለው፣ ስልክ ለፎቶ ጥሩ ነው። ከአንድ ቦታ ቆሞ በየወሩ አንድ ፎቶ ማንሣትም ግሩም ነው። ጽሑፉንም በቴሌግራም ለራሱ የሚልክ አለ፣ ከምንም ይሻላል። ነገር ግን ስልክ ለማየት የተከፈተ ጊዜ ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን፤ አንድ መስመር ልጻፍ ብሎ ገብቶ ከቲክቶክ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚወጣ ብዙ ነው። ስልክ ይሰረቃል፣ ይቀየራል፣ ሜሞሪው ይሞላል። ደብተር ደግሞ መስጂድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሌላው ሰው ይቀጥልበታል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የአንድ ሰው ትጋት ወር ይቆይ ይሆናል፤ ለአምስት ወጣቶች በተራ የደረሰ ደብተር ግን ዓመት ያልፋል።

መጻፍ አልችልም ለሚሉ እናቶች ልጆቻቸው አሉላቸው። እንዲያውም ከሁሉ የሚበልጠውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ምንጩ ላይ ወረፋው ስንት ጀሪካን እንደሆነ፣ ማገዶ ለመልቀም ስንት ሰዓት እንደሚሄዱ፣ የትኛው ቅጠል ከጓሮ እንደጠፋ ይነግሯችኋል። ልጅ ማታ «እማ፣ ዛሬ ወረፋው ስንት ነበር?» ብሎ ጠይቆ አንድ መስመር ቢጽፍ፣ ለልጁም የቤት ሥራ፣ ለሰፈሩም መረጃ ነው።

ባለሙያ ይሥራው የሚለው ላይ ብዙ አልልም። ባለሙያው በዓመት አንዴ በመኪና ይመጣል። እናንተ በየቀኑ በእግር ታልፋላችሁ።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት የተከላችሁ ካላችሁ ነገ ከዐስር በኋላ ወደ ቦታው ሂዱ። ችግኝ የሚመስለውን ሳይሆን አረንጓዴ ቅጠል ያለውን፣ ወይም በጥፍር ሲጫር ከልጡ ሥር አረንጓዴ የሚወጣውን ቁጠሩ። ቀኑን ጻፉ፣ ቦታውን ጻፉ፣ ከስንቱ ስንቱ እንደቆመ ጻፉ። ዜሮም ከሆነ ዜሮ ብላችሁ ጻፉና በኮሜንት አስቀምጡልን፤ ከየት ሰፈር እንደሆነም አትርሱ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።